ባለቤት ያጣው አራተኛ ተራ

ጥር ወር፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ሐሙሲት አካባቢ በሚገኝ አንድ የፍል ውኃ መታጠቢያ አራተኛ ተራ ላይ የነበሩት አማቴ አያ ፈንቴ ስድስተኛ ሆኑ። ስድስተኛ የነበሩት መሪጌታ ሰባተኛና መጨረሻ ሆኑ። መጨረሻ የነበረው የእስቴ ሰው እሱም ስድስተኛ ሆነ። አራተኛ ተራ ላይ ማንም አልቀረም። የተጎዳ ሰው የለም።

የመታጠቢያውን ስም አልጠቅስም። ከሚያስተዳድረው ማኅበር አባላት ግማሾቹ የባለቤቴ ዘመዶች ናቸው፤ የቀሩትም ዘመድ መሆናቸው ሰርግ በመጣ ቁጥር ይደረስበታል። የወንዛዬን ፍል ውኃ የሚያውቅ ሰው አገሩን ያውቀዋል፤ ይቺኛዋ ከዋናው ፈንጠር ብላ ያለች፣ ለወንድ አንድ ገንዳ ብቻ ያላት ናት። አንድ ሰው ይገባል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተነክሮ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ነገሩ ከዚህ በላይ መወሳሰብ አልነበረበትም።

አማቴን እዚያ ያወረዳቸው ጉልበታቸው ነው። በማግስቱ እሑድ ጋፋት ላይ የመጨረሻ ልጃቸውን ይድራሉ። በኛ አገር ሙሽሮች ከቤት ሲወጡ የወላጅ ጉልበት ይስማሉ። ሙሽሮቹ ብቻ ቢሆኑ መልካም ነበር፤ ሚዜው ይስማል፣ አጃቢው ይስማል፣ በልቶ ሊሄድ የመጣ ሁሉ ጎንበስ ሳይል አይሄድም። የአማቴ ጉልበት ግን ከክረምቱ ማግስት ጀምሮ ነጠላ ሲያርፍበት እንኳ የሚያስጮህ ጉልበት ሆኗል። ትልቁ ልጃቸው ከባሕር ዳር መጥቶ ሊስማቸው ዝቅ ሲል ሳያስቡት እግራቸውን ሰበሰቡና አገጩን አገኙት። ልጁ ያን ሰሞን በአንድ ወገን ብቻ ነበር የሚያኝከው። አሁን አማቴ የሚሰጉት ለአዲሱ አማቻቸው ነው። አዲሱ አማች መነጽር ያደርጋል።

ፍል ውኃው ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ቀን ቆጥሮ የጀመረ ሰው አንዱን ቀን ከዘለለ የታጠበው ሁሉ እንዳልታጠበ ይቆጠራል፤ ከሀ ይጀምራል። ይህን ያረጋገጠልኝ ሐኪም የለም። አማቴ ግን ያምኑበታል፤ ጉልበቱም የሳቸው ነው። ያ ቅዳሜ የመጨረሻው ቀን ነበር። ገንዳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ከመኪና ስንወርድ አማቴ ክንዴን ይዘው አንድ ትእዛዝ ሰጡኝ።

«ሰርግ አለብን ብለህ ለማንም እንዳትተነፍስ።»

«ለምን አባባ? ቢያውቁ ያስቀድሙዎታል እኮ።»

«እሱን ነው የምልህ። ያን ጊዜ ተራ ለመንሁ ማለት ነው። አፍህን ዝጋ።»

ጋዜጠኛ ነኝ፤ ዕድሜዬን የኖርሁት አንድ ነገር ሰምቼ፣ አረጋግጬ፣ ለሰው በመናገር ነው። ቃለ ጉባኤ አልደብቅም፤ የሚስቴን ልደት እንኳ ጎረቤት ከሷ ቀድሞ ከኔ ይሰማል። አሁን ግን ለአማቴ ጉልበት ወሳኝ የሆነውን አንድ ዜና በጉሮሮዬ ይዤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

ድሮ እዚያ ቦታ ተራ የሚያዘው በድንጋይ ነበር። የመጣ ሰው ድንጋዩን ከፊተኛው ድንጋይ ኋላ ያስቀምጣል፣ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። ዘንድሮ ማኅበሩ ዘመነ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የወይዘሮ ስንዱ የእኅት ልጅ ሰላም ኮምፒዩተር የተማረች የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ በኢንተርኔት የሚሠራ የተራ መያዣ አበጀችላቸው። ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ስሙ ከነተራው ይታያል። በረኛው ጥጋቡ በስልኩ፣ ወይዘሮ ስንዱ በቢሮዋ ኮምፒዩተር ያንኑ ዝርዝር ይከፍታሉ፤ ስሙን በጣት ጎትተው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማድረግ ይችላሉ። ይህ የተፈቀደው ለበጎ ነው፤ አቅመ ደካማ እንዲቀድም። ጥር ውስጥ ግን ሥራው ገና አዲስ ነበር፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውም አዲስ ነገር ላይ ነው።

ሰላም ሁሉን አስባ አንድ ነገር አላሰበችም፤ የአገሯን ሰው ትሕትና። በኛ በኩል ተራ የደረሰው ሰው የመጀመሪያ ሥራው ተራውን መስጠት ነው። የተሰጠው ሰው ደግሞ የመጀመሪያ ሥራው አለመቀበል ነው። ሁለት ሽማግሌዎች በለቅሶ ቤት በር ላይ «አንቱ ይቅደሙ» «ኧረ አንቱ ይቅደሙ» ሲባባሉ ከኋላቸው የቆመው ሕዝብ በዝናብ ሲበሰብስ አይቻለሁ። እኔም በስብሻለሁ። በድንጋዩ ዘመን ይህ ጉዳት አልነበረውም። ድንጋይን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ሁለት ቦታ አያንቀሳቅሰውም።

እንግዲህ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ የሆነው ይህ ነው። አማቴ እያነከሱ ወደ በሩ ሄዱና ጥጋቡን ጠሩት። «እኚያ መሪጌታ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። እሳቸውን በኔ ቦታ፣ እኔን በሳቸው ቦታ አድርግልኝ።» መሪጌታው ከእብናት የመጡ የማኅሌት መምህር ናቸው፤ ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያ ተደግፈው ሲያዜሙ የኖሩበት ወገብ ከዚያ ወዲያ አልቆምም ብሎ ነው ያመጣቸው። ጥጋቡ በስልኩ የኔታን ወደ አራተኛ፣ አማቴን ወደ ስድስተኛ ጎተተ።

በዚያችው ቅጽበት የኔታ እራሳቸው በቢሮው መስኮት ነበሩ። «ይህ አንገቱ የተጣመመ የእስቴ ልጅ መጨረሻ ላይ ነው አሉኝ። የኔን ስጭው፤ እኔን መጨረሻ አድርጊኝ» እያሉ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ በኮምፒዩተሯ የእስቴውን ሰው ወደ ስድስተኛ፣ የኔታን ወደ መጨረሻ ጎተተች።

ሁለቱም ባለሥልጣኖች አስቀምጥ የሚለውን እኩል ተጫኑ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ እንዲሉ፣ በሩም ቢሮውም ከአግዳሚዬ ይታዩኝ ስለነበር የምናገረው ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ማንም አላስተዋለም። ሁለተኛው ሰው ከገንዳው ወጣ፤ ሦስተኛው ገባ፣ ወጣ። ከዚያ ጥጋቡ ከበሩ ላይ ተጣራ።

«አራተኛ።»

ማንም አልተነሣም።

«አራተኛ የለም ወይ?»

«አንተ አይደለህ የምታውቀው» አለው የእስቴው ሰው። ስሙ ደመቀ ነው። ቆርቆሮ ሲመታ ከጣራ ወድቆ አንገቱ ደርቋል፤ ዞር ብሎ ማየት ስለማይችል ከሰው ጋር ሲነጋገር መላ ሰውነቱን እንደ በር ነው የሚያዞረው።

«ስልኩ አራተኛ ይግባ ይላል» አለ ጥጋቡ።

«እንግዲያ ስልኩ ይግባ።»

«አምስተኛ ነኝ እኔ፤ ልግባ» አለ አንድ ጎልማሳ ፎጣውን እንዳንጠለጠለ።

«አይሆንም። አራተኛ ሳይገባ አምስተኛን ብነካ ሲስተሙ እሺ አይልም።»

ቴሌቪዥኑን ቀና ብዬ አየሁ። ከሦስተኛው ቀጥሎ አምስተኛ ነው። በመካከሉ ጥርስ እንደ ወለቀበት ድድ ባዶ ነጭ። ስድስተኛው ላይ «ፈንቴ» ይላል፤ ስክሪኑ ብልጭ ሲል «ደመቀ» ይላል፤ ደግሞ ብልጭ ሲል «ፈንቴ» ይላል። ደመቀ መላ ሰውነቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረና አነበበ።

«እኔ ለራሴ መጨረሻ ሆኜ በሰላም ተቀምጬ ነበር» አለ። «ማን ነው ስድስተኛ አድርጎ ከሽማግሌ ጋር ያጣላኝ?»

የኔታ አቀርቅረው ዳዊታቸውን ከፈቱ።

ወሬ ከኔ ሙያ ፈጣን ነው። አራተኛው ሰው ጠፋ የሚለው ነገር ከግንቡ ማዶ ወደ ሴቶቹ ገንዳ ሲደርስ አራተኛው ሰው ውኃ ውስጥ ቀርቷል ሆኖ ነበር። አንዲት እናት ነጠላቸውን አደግድገው እያለቀሱ መጡ።

«ማን ሞተብዎት እናቴ?» አልኋቸው።

«አራተኛው።»

«ያውቁታል?»

«አላውቀውም። የሰው ልጅ አይደለም ታዲያ?»

ጥጋቡ ገብቶ ገንዳውን በረጅም ዱላ ፈተሸ። ውኃው ወገብ አይደርስም፤ ከታች ያለው ጠጠር ሁሉ ይታያል። ያገኘው አንድ ሳሙና ብቻ ነው። ሳሙናውም የሦስተኛው ሰው ነበር፤ ሦስተኛው ሰው በሕይወት አለ።

በዚህ መካከል ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አማቴ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ተቀምጠዋል። ስልኬ ጮኸ፤ የሚስቴ እናት ናቸው።

«ዳስ ተጥሎ፣ በሬ ተጥሎ፣ የቤቱ ባለቤት እዚያ ይቀቀላል?» አሉኝ። «ገባ ወይስ አልገባም?»

«ደርሷቸዋል እማማ።»

ይህ ሐሰት አይደለም። ደርሷቸው እንደነበር በሦስት ምስክር ማረጋገጥ ይቻላል።

ጥጋቡ መላ አገኘ። ከአምስተኛው ጀምሮ ያለውን ሰው ሁሉ አንድ አንድ ተራ ወደ ላይ ገፍቶ ባዶውን ለመድፈን ወሰነ። ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ቢሮ ውስጥ ወይዘሮ ስንዱም ያንኑ ትክክለኛ ሐሳብ በዚያው ደቂቃ አሰበች። ሁለቱም ገፉ። ኔትወርኩ እዚያ እንደ ሸለቆ ንፋስ ነው፤ ይመጣል፣ ይቆማል፤ ስለዚህ የሁለቱም ትእዛዝ ተጠራቅሞ ኋላ ባንድ ላይ ደረሰ። ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ተራ ወደ ላይ ወጣ። አምስተኛው ሦስተኛ ሆነ። ሦስተኛ ደግሞ ገብቶ ወጥቷል። ሲስተሙ አምስተኛውን ሰው «ታጥቧል» ብሎ ሰረዘው። ሰውየው ደረቅ ነበር። ፎጣውን ነክቼ አረጋግጫለሁ።

«ታጥበሃል ይልሃል» አለው ጥጋቡ።

«መች?»

«እሱን አይናገርም።»

ከዚያ በኋላ በረኛውና ኃላፊዋ በተራ በተራ፣ አንዳንዴም አንድ ላይ ማስተካከል ቀጠሉ። ባስተካከሉ ቁጥር የሚጎድለው ሰው ይለዋወጣል። አንድ ጊዜ ሁለት ሰባተኛ ነበሩን። አንድ ጊዜ የኔታ ከዝርዝሩ ፈጽመው ጠፉና «ይሁን፣ ፈቃዱ ነው» አሉ። እኔ ከውጭ የተረጋጋሁ ነበርሁ፤ ይህን ሌሎችም ይመሰክራሉ። ከውስጥ ግን የአዲሱን አማች መነጽር ሲሰበር ደጋግሜ እሰማ ነበር።

ሰላም ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ላፕቶፗን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረሰች። ከአክስቷ ቤት ምሳ ላይ ነው ያስጠሯት። ዝርዝሩን አየች፤ ጥጋቡን ጠየቀች፤ አክስቷን ጠየቀች፤ ከዚያ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ለተሰበሰበው ሕዝብ አስረዳች።

«ስልክ ላይ የምታዩት ተራው አይደለም። የተራው ፎቶ ነው። ጋሼ ጥጋቡ ፎቶውን አይተው አስተካከሉ። እትዬ ስንዱም ያንኑ ፎቶ አይታ አስተካከለች። ሁለቱም ያዩት እውነት ነበር። ግን አንዳቸው ሲያስቀምጡ የሌላኛው ፎቶ አሮጌ ሆነ፤ እነሱ አላወቁም። ኋላ የደረሰው የፊተኛውን ረገጠው።»

«ሁሉንም ቢረግጠው ምን ነበር» አለ ደመቀ። «ግማሹን ረግጦ ግማሹን ተወ እኮ።»

«እውነትህን ነው። ጥፋቱ እሱ ነው።»

ነገሩ ገባኝ። በሥራ ቦታዬ አንድን ዜና ሁለት አራሚዎች በየጠረጴዛቸው ሲያርሙት አይቻለሁ። አንዱ ርእሱን «ድልድዩ ለአገልግሎት ክፍት ሆነ» አለው። ሌላው ስለ ሌላ ወንዝ መስሎት መጨረሻውን «በጎርፍ ተወስዷል» ብሎ ዘጋው። ያገሬ ሰው ያን ቀን የሰማው ተመርቆ በዚያው ስለ ሄደ ድልድይ ነው።

ሰላም መጀመሪያ ያበጀችው መቆለፊያ ነው። አንድ ሰው ተራ ሊያዘዋውር ዝርዝሩን ሲከፍት ሌላው እስኪዘጋ ይጠብቃል። እኔ በጣም ወደድሁት፤ ግልጽ ሕግ ነው። ጥጋቡ ከፈተ፤ አንድ ስም ጎተተ፤ ዘጋ። ወይዘሮ ስንዱ ከፈተች፤ ጎተተች፤ ዘጋች። ደረቁ ሰውዬ እንደገና አምስተኛ ሆነ፤ ሕዝቡ ተነፈሰ። ጥጋቡ እንደገና ከፈተ። በዚያው ጊዜ ሣር የተጫነች አህያ በሩ ላይ መጥታ ተገተረች። ጥጋቡ ዝርዝሩን ሳይዘጋ ስልኩን ኪሱ ከተተና አህያዋን እየነዳ በአቀበቱ ተሰወረ።

ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተሩ «ሌላ ሰው እያስተካከለ ነው፤ እባክዎ ይጠብቁ» አለ። ጠበቅን። የዚያ ሁሉ በሽተኛ ተራ በጥጋቡ ኪስ ተቆልፎ አህያ ይነዳል። ሰው ላክን። ሰውየው ተመልሶ ጥጋቡ የአህያዋን ባለቤት እየወቀሰ መሆኑን ነገረን። ወቀሳውም ገና መግቢያው ላይ ነበር አለ።

«መቆለፊያው አይሆንም» አለች ሰላም። «ሰው ይረሳል።»

ጣቶቿ እንደ በገና ደርዳሪ ጣት ላፕቶፑ ላይ ሮጡ። በኋላ እንዳብራራችልኝ ዝርዝሩ አሁን የራሱ ቁጥር አለው፤ በተነካ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል። ተራ የሚያዘዋውር ሰው ያየውን ዝርዝር ቁጥር አብሮ ይልካል። ከመላኩ በፊት ሌላ ሰው ነክቶት ከሆነ ሲስተሙ አይቀበለውም፤ እንደገና እይ ይለዋል። በአንድ ተራ ላይ ሁለት ሰው ማስቀመጥም ክልክል ሆነ። ተራ መለዋወጥ ደግሞ ሁለቱም ሰዎች በአንድ ትንፋሽ ይዛወራሉ፤ አንዱ ካልሆነ ሁለቱም አይሆንም። ለዚህም ሰጪና ተቀባይ መስኮቱ ጋ አብረው ቀርበው እሺ ማለት አለባቸው።

ጥጋቡ ከአህያዋ ተመልሶ ስልኩን ሞከረ። ስልኩ ምን እንዳለው ጮክ ብሎ አነበበ። «ያዩት አሮጌ ነው።»

«እርስዎን አይደለም ጋሼ፣ ያዩትን ነው» አለችው ሰላም።

«ያየሁት እኔ አይደለሁ?»

«እንደገና ይክፈቱት፤ አዲሱን ያሳይዎታል።»

«በሩ ላይ ስንት ዓመት ቆሜ፣ አሮጌ ተባልሁ» አለ ጥጋቡ። ግን ከፈተ።

አሥር ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰላም የመጀመሪያውን ተራ እንደነበረ መልሳዋለች። አራተኛ አያ ፈንቴ፤ ስድስተኛ የኔታ፤ መጨረሻ ደመቀ። አማቴን ልደግፍ ተነሣሁ።

«አያ ፈንቴ፣ ይግቡ» አለች ሰላም በመስኮቱ።

«የኔታ ይግቡ» አሉ አማቴ። «ሰጥቻለሁ።»

የኔታ ከዳዊታቸው ቀና አሉ። «አልተቀበልሁም።»

«የሰጠሁትን አልወስድም።»

«ያልተቀበልሁት ላይ አልገባም።»

አምስተኛው ሰውዬ ደረቅ ፎጣውን ይዞ ሁለቱን አፈራርቆ ተመለከተ። ጥጋቡ እሱን አስገባው። ገባ፣ ወጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች መስኮቱ ጋ ናቸው። የኔታ ስድስተኛ ተራቸውን በሕጉ መሠረት፣ ሁለቱም እሺ ብለው፣ ለደመቀ ሰጡት። ደመቀ ወጣቱ እሱ ነውና ለመቀበል ብዙ አላስለመነም፤ ገባ፣ ወጣ፣ አንገቱን ትንሽ ወደ ግራ አዘነበለና ለሁሉም አሳየ። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። ሽማግሌዎቹ አሁንም መስኮቱ ጋ ናቸው።

«ይሄ ነገር ሲስተም ላይም ያጋጥማል» አለች ሰላም ወደኔ ዝቅ ብላ፤ ግን ሁሉም ሰማት። «አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ ሌላውም አንዱን ይጠብቃል። እንዲህ እያሉ እስከ ምጽአት ይቆማሉ።»

«ታዲያ ሲስተሙ ምን ያደርጋል?»

«አንዱን መርጦ ጥያቄውን ያስተወዋል። ብዙ ጊዜ ትንሽ ሥራ የሠራውን።»

ይህን ባትናገር ይሻል ነበር።

«እንግዲያ እኔ ነኝ የምተወው» አሉ አማቴ ወዲያው። «እኔ ምን ሠራሁ? አፈር ከመገልበጥ በቀር።»

«አፈር ገልባጭማ አገር አብልቷል» አሉ የኔታ። «እኔ ጸናጽል ይዤ ከመቆም በቀር አንዲት ፍሬ ጤፍ አላበቀልሁም።»

«አንቱ ቆመው ባይለምኑልን ዝናቡ ከየት ይመጣ ነበር?»

«ያለፈው ክረምት ዝናብ ቀርቷል አይደል? የኔ ሥራ ያ ነው።»

ሕዝቡ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጥጋቡ ሰዓቱን አይቶ ቁልፎቹን ከቀበቶው ፈታ። የቀረው የአንድ ሰው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ገንዳው ይዘጋል። አማቴ በሁለቱም እጃቸው የመስኮቱን ደፍ ይዘዋል፤ ጉልበታቸው ከሱሪያቸው ሥር ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ያን ሁሉ ቀን የነከሩት ሁሉ እንዳልነከሩት ሊሆን ነው። ነገ በዚያ ጉልበት ላይ ሰው ሁሉ ሊደፋ ነው። ይህን የሚያውቅ እዚያ ግቢ ውስጥ ከኔ በቀር ማንም የለም።

«የኔታ» አልሁ። «ነገ ልጃቸውን ይድራሉ። ሙሽሮቹ ጉልበታቸውን ይስማሉ። ጉልበታቸው ሰው አያስነካም። ዛሬ ሳይገቡ ከቀሩ የታጠቡት ሁሉ ይፈርሳል።»

አማቴ ወደኔ ዞሩ። ያ አስተያየት ምን እንደነበረ አልጽፍም፤ ሚስቴ ይህን ታነባለች።

የኔታ ዳዊታቸውን ዘጉ። «እውነት ነው አያ ፈንቴ?»

አማቴ ዓይናቸውን ወደ ገንዳው በር አዞሩ።

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ከነገርሁ ተራ ለመንሁ ማለት ነው» አሉ አማቴ ቀስ ብለው። «ለምኜ አላውቅም።»

የኔታ ጥቂት ሳቁ። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ወገባቸውን ይዘው ወደ አማቴ ቀረቡ።

«እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አኩፋዳ አንግቤ፣ በስለ ማርያም፣ በየደጁ ለምኜ ነው የተማርሁ። ያበሉኝ አንቱን የመሰሉ ገበሬዎች ናቸው። ልመና ነውር ከሆነ መሪጌታነቴን ለማን ልመልስ?»

ሰላም ጣቷን ላፕቶፑ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ጥጋቡም ቁልፉን ይዞ ይጠብቃል። ከማዶ ካለው የሴቶች ገንዳ ውኃው ይወርዳል።

«እኔ ገና ትናንት ነው የጀመርሁ» አሉ የኔታ። «እስከ ሌላው ሳምንት እዚሁ ነኝ።»

«እንግዲያ» አሉ አማቴ በመጨረሻ፣ ወደ መስኮቱ ሳይሆን ወደ የኔታ፤ «ስለ ማርያም ያስገቡኝ።»

የኔታ አቀፏቸው። ሰላም ይግባ የሚለውን ተጫነች። ቴሌቪዥኑ ላይ አራተኛ ፈንቴ አለ፤ ብልጭ ብሎም አልተለወጠም። ጥጋቡ አንዱን ክንድ፣ እኔ አንዱን ክንድ ይዘን አስገባናቸው። ልብሳቸውን ሳወልቅላቸው አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ውኃው ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ግን ረዥም ትንፋሽ አወጡ።

አማቴ ገንዳው ውስጥ የገቡት አሥር ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ነው። የወጡት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጥጋቡ በሩን ወዲያው ቆለፈ። የኔታ በማግስቱ ጧት አንደኛ ሆነው ገብተዋል፤ ይህን ከጥጋቡና ከወይዘሮ ስንዱ ለየብቻ በስልክ ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ ሁለቱም አንድ ነገር ነገሩኝ።

እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጋፋት፣ ሙሽሮቹ የአማቴን ጉልበት ሳሙ። ከኋላቸው ሚዜዎቹ ሳሙ። አማቴ እግራቸውን ሳይሰበስቡ መርቀው ጨረሱ።